«አስ ጥንድ ይዤ እንዴት ተሸነፍኩ?»
ስለ ፖከር ሕግ፣ ቃላትና አጨዋወት በተደጋጋሚ ለሚቀርቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

(ከላስ ቬጋስ)

ላስ ቬጋስ ከሚኖረው ሐበሻ መካከል ታክሲ የሚነዳው፣ ሆቴል የሚሠራውና ከቁማር ቤት ደመወዝ የሚበላው ብዙ ነው። እኔ ከሦስተኞቹ ወገን ነኝ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቁማር ቤት የፖከር ክፍል ውስጥ ለዓመታት በዲለርነት ሠርቻለሁ፤ አሁንም እየሠራሁ ነው። ዲለር ማለት ካርታውን የሚበውዘው፣ የሚያድለውና ጨዋታውን የሚዳኘው ሰው ነው። ሥራዬን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጥያቄ አያጣም። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ አንዳንዴም ቅዳሴ እንዳለቀ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሳይቀር እጠየቃለሁ።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ አንዱን አልረሳውም። አንድ ቅዳሜ ሌሊት የማውቃቸው አንድ ጋሼ እኔ ወደማድልበት ጠረጴዛ መጥተው ተቀመጡ። ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ወደዚህ አገር ስመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉኝም እሳቸው ናቸው። በዚያ ሳምንት እቁብ ደርሷቸው ስለነበር የ700 ዶላር ቺፕስ ገዙ። ሁለት ሰዓት ያህል በትዕግሥት ከተጫወቱ በኋላ አስና 7 ደረሳቸው። ጠረጴዛው ላይ የተገለጡት አምስት ካርታዎች አስ፣ 10፣ 6፣ 4 እና 3 ነበሩ። ፊት ለፊታቸው ያለው ወጣት ያለውን ሁሉ ወደ መሀል ገፋ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «አንተ ልጅ፣ ምን ይሻለኛል?» አሉኝ። እኔም ሥራዬ የሚያስገድደኝን መለስኩላቸው፤ «ጌታዬ፣ እባክዎን እንግሊዝኛ ብቻ»።

ፊታቸው ተለዋወጠ። ምንም ሳይናገሩ የቀራቸውን ሁሉ ገፉት። ወጣቱ አስና ኩዊን ገለጠ። የእቁቡን ገንዘብ በገዛ እጄ ሰብስቤ ለወጣቱ ገፋሁለት።

ሁለት ወር አላናገሩኝም። በኋላ አንድ ክርስትና ላይ ተገናኘንና ጎን ለጎን ተቀመጥን። «እሺ፣ የአማርኛው ነገር ይቅር» አሉኝ። «ግን እሱም አስ ጥንድ፣ እኔም አስ ጥንድ። ለምን አልተካፈልንም?»

ያን ጊዜ ነው ጋሼ ሕጉን በቅጡ ሳያውቁ 700 ዶላር ይዘው መቀመጣቸው የገባኝ። እሳቸው ብቻም አይደሉም። በልጅነታችን ኮንከር ተጫውተን ያደግን ሰዎች ካርታ የምናውቅ ይመስለናል። ፖከር ግን ሌላ ነው። ስለዚህ በየአጋጣሚው የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ የማውቀውን ያህል ልመልስ አሰብኩ። ቁማር ጀምሩ ለማለት አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን ምን ላይ እንደተቀመጠ ይወቅ።

በመጀመሪያ ጨዋታው ምንድን ነው?

ፖከር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኒው ኦርሊንስና በሚሲሲፒ ወንዝ መርከቦች ላይ በ20 ካርታ ይጫወቱት የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ወደ 52 ካርታ አደገ። ዓይነቱ ብዙ ነው። ዛሬ ሰው «ፖከር» ሲል አብዛኛውን ጊዜ «ቴክሳስ ሆልደም» የሚባለውን ማለቱ ነው። የቴክሳስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ሮብስታውን የተባለችውን ትንሽ ከተማ የዚህ ጨዋታ የትውልድ ቦታ ብሎ እውቅና ሰጥቷታል። ወደ ላስ ቬጋስ የገባው በ1960ዎቹ ነው።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚያያቸው ሁለት ካርታዎች ይታደላሉ። ከዚያ ለሁሉም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስቱ በአንድ ጊዜ (ፍሎፕ ይባላል)፣ ቀጥሎ አራተኛው (ተርን)፣ በመጨረሻ አምስተኛው (ሪቨር)። ካርታ ሲታደልና በየመሀሉ፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ፣ ገንዘብ ይወራረዳሉ። የሚወራረዱበት ገንዘብ ተከማችቶ «ፖት» ይባላል። ተጫዋቹ ተራው ሲደርስ የሚያደርገው ከጥቂት ነገሮች አንዱን ነው። ማንም ካልተወራረደ ዝም ብሎ ያሳልፋል (ቼክ) ወይም ራሱ ይወራረዳል፤ ሌላ ሰው ከተወራረደ እኩል ያወጣል (ኮል)፣ ይጨምራል (ሬይዝ)፣ ካልሆነም ካርታውን ጥሎ ይወጣል (ፎልድ)። ሌሎቹ ሁሉ ከጣሉ የቀረው ሰው ካርታውን ሳያሳይ ይወስዳል። ሁለትና ከዚያ በላይ ከቀሩ ካርታ ይገለጣል።

ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ሰዎች በግዴታ የሚያስቀምጡት ገንዘብ አለ፤ ብላይንድ ይባላል። ጋሼ የተጫወቱበት ጠረጴዛ «1-3» የሚሉት ነው። አንዱ 1 ዶላር፣ ቀጣዩ 3 ዶላር ያስቀምጣል ማለት ነው። ግዴታው በየዙሩ ወደ ግራ ይዞራል። ባይኖር ኖሮ ሁሉም ሰው አስና አስ እስኪደርሰው ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣ ነበር።

የትኛው የትኛውን ይበልጣል?

አሸናፊው አምስት ካርታ ነው የሚቆጠረው፤ አምስት ብቻ። ከላይ ጀምሮ፦ ሮያል ፍላሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው 10፣ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግ፣ አስ)፣ ስትሬት ፍላሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ተከታታይ አምስት)፣ አራት አንድ ዓይነት፣ ፉል ሃውስ (ሦስት አንድ ዓይነትና ጥንድ)፣ ፍላሽ (አምስቱም አንድ ምልክት፣ ሳይከታተሉ)፣ ስትሬት (ተከታታይ አምስት፣ ምልክታቸው ቢለያይም)፣ ሦስት አንድ ዓይነት፣ ሁለት ጥንድ፣ አንድ ጥንድ፣ ከዚያ በታች ምንም የሌለው ሰው ትልቁ ካርታው።

«ፍላሽ ስትሬትን ለምን ይበልጣል? ማን ወሰነ?» የሚለኝ አለ። የወሰነው ሒሳብ ነው። ከ52 ካርታ አምስት አምስቱን የማውጫው መንገድ 2,598,960 ነው። ከዚህ ውስጥ ስትሬት 10,200፣ ፍላሽ 5,108፣ ፉል ሃውስ 3,744 ሲሆን፣ አራት አንድ ዓይነት 624 ብቻ ነው። ብርቅ የሆነው ይበልጣል። ሮያል ፍላሽ አራት ብቻ ስለሆነ በአምስት ካርታ ከ649,740 አንድ ጊዜ ይመጣል።

የጋሼ ጥያቄ

እንግዲህ ወደ ጋሼ እንመለስ። የእሳቸው አምስት ካርታ አስ፣ አስ፣ 10፣ 7፣ 6 ነበር። የወጣቱ ደግሞ አስ፣ አስ፣ ኩዊን፣ 10፣ 6። ጥንዱ እኩል ሲሆን የሚቀጥለው ትልቁ ካርታ ይታያል። የወጣቱ ኩዊን፣ የጋሼ 10 ነው። ኩዊን ይበልጣል፤ አለቀ። ይህ አጃቢ ካርታ «ኪከር» ይባላል። ጀማሪዎች ብዙ ገንዘብ የሚያጡበት ቦታ የትኛው እንደሆነ ብትጠይቁኝ እዚህ ላይ ነው እላችኋለሁ። አስና ትንሽ ካርታ ይዞ ገብቶ አስ ሲወጣለት ሰው ደስ ይለዋል፤ ያን ጊዜ የሚከፍለው ግን ብዙውን ጊዜ የተሻለ አስ የያዘ ሰው ነው። አስ ያልያዘውማ ይጥላል።

የሚካፈሉበት ጊዜም አለ። ጠረጴዛው ላይ የወጡት አስ፣ አስ፣ ኪንግ፣ ኪንግ፣ ኩዊን ቢሆኑና አንዱ ጃክ፣ ሌላው 5 ቢይዝ ሁለቱም የሚጫወቱት የጠረጴዛውን አምስት ነው፤ እኩል ይካፈላሉ። ስድስተኛ ካርታ የሚባል ነገር የለም። በዚህ ምክንያት የሚነሳ ጭቅጭቅ ስንቱን ሌሊት እንዳበላሸብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። «ሦስት ጥንድ አለኝ» የሚልም ይመጣል። ሦስት ጥንድ የለም፤ ትልልቆቹ ሁለቱ ይቆጠራሉ፣ ሦስተኛው ቢበዛ ኪከር ይሆናል።

ምልክቶቹስ? ልብ፣ ዳይመንድ፣ ስፔድ፣ ክለብ በሆልደም አይበላለጡም። ስፔድ ያደረገ ሰው ልብ ያደረገውን አይበልጥም። አስ ከላይም ከታችም ይሠራል፤ አስ-2-3-4-5 ትንሹ ስትሬት ነው፣ 10-ጃክ-ኩዊን-ኪንግ-አስ ትልቁ። ኩዊን-ኪንግ-አስ-2-3 ግን ስትሬት አይደለም፤ ዞሮ አይገጥምም።

«ሁለቱንም የያዝኳቸውን ካርታዎች መጠቀም አለብኝ?» ለሚለው፣ በሆልደም አያስገድድም። ከሰባቱ የተሻሉትን አምስት ማሰባሰብ ነው፤ ከእጅ ሁለቱን፣ አንዱን፣ ወይም ምንም። «ኦማሃ» በሚባለው ጨዋታ ግን አራት ካርታ ታድሎ ከእጅ በትክክል ሁለት፣ ከጠረጴዛ በትክክል ሦስት መሆን አለበት። ሆልደም ለምዶ ኦማሃ የተቀመጠ ሰው እጁ ላይ አንድ አስ ስፔድ፣ ጠረጴዛው ላይ አራት ስፔድ አይቶ «ፍላሽ!» ብሎ ሲጮህ አይቻለሁ። አልነበረውም።

ለምን አማርኛ ተከለከለ?

ይህን ጋሼ ያለጥፋቴ የተቀየሙኝን ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር። በአሜሪካ የፖከር ክፍሎች ጨዋታ ተጀምሮ ካርታ በእጅ እስካለ ድረስ ጠረጴዛ ላይ እንግሊዝኛ ብቻ ይነገራል። ሕጉ በአማርኛ ላይ የወጣ አይደለም፤ ስፓኒሽም ቻይንኛም እኩል ይከለከላሉ። ምክንያቱ ሁለት ሰዎች ሌሎቹ በማይሰሙት ቋንቋ «ምን ያዝክ?» እየተባባሉ ሦስተኛውን እንዳይዘርፉት ነው። ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ሕግ አለ፤ አንድ እጅ ካርታ የአንድ ሰው ነው። ማንም ሌላውን ማማከር አይችልም። ዲለሩማ በፍጹም። በእንግሊዝኛም ቢጠይቁኝ ኖሮ መልሴ ዝምታ ነበር። ደግሞም የወጣቱን ካርታ እኔ አላየሁትም፤ ዲለር ያያል የሚል እምነት በሐበሻ ዘንድ በጣም የተስፋፋ ነው።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ በዓይንህ ብታሳየኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ከሥራ መባረር ነበረበት።

ገንዘብ ሲገፋ የሚነሱ ክርክሮች

አንድ ሰው አፉ የተናገረው ይጸናል። ተራው ደርሶ «ሬይዝ» ካለ ጨመረ ማለት ነው፤ ሐሳቤን ቀየርኩ አይሠራም። ዝም ብሎ አንድ ትልቅ ቺፕ ቢወረውር ደግሞ እኩል እንዳወጣ ይቆጠራል። ለምሳሌ ውርርዱ 10 ዶላር ሆኖ ሳይናገር የ100 ዶላር ቺፕ ቢጥል ኮል ነው፤ 90 ይመለስለታል። መጨመር ከፈለገ አስቀድሞ መናገር አለበት። በፊልም እንደምናየው «100ህን አውጥቻለሁ… ደግሞም 500 ጨምሬያለሁ» ብሎ በሁለት ጊዜ መግፋትም ክልክል ነው። መጀመሪያ ኮል ብለሃል፤ የሰዎቹን ፊት አይተህ ነው የጨመርከው ይባላል።

ጭማሪው ቢያንስ ከእሱ በፊት የተደረገውን ጭማሪ ያህል መሆን አለበት። አንዱ 20 ቢወራረድ ቀጣዩ ቢያንስ ወደ 40 ያደርሰዋል። ወደ 60 ካደረሰው ግን ጭማሪው 40 ስለሆነ ሦስተኛው ቢያንስ 100 ማድረግ አለበት።

«ገንዘቤ ካለቀብኝና ሌላው ብዙ ከተወራረደ ተገድጄ እጥላለሁ?» የሚለው ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። አይጥሉም። ያለዎትን ሁሉ ገፍተው («ኦል ኢን» ይባላል) በዚያው ልክ ይጫወታሉ። እርስዎ 50፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች 200 ቢያወጡ፣ ከእያንዳንዳቸው 50፣ ጠቅላላ 150 ዋናው ፖት ይሆናል፤ የቀረው 300 ለሁለቱ ብቻ የተለየ የጎን ፖት ነው። እርስዎ ቢያሸንፉ የሚወስዱት 150ውን ነው። በተመሳሳይ ምክንያት በጨዋታ መሀል ከኪስ ገንዘብ ማውጣት አይቻልም። መጫወት የሚቻለው ካርታ ሲታደል ጠረጴዛ ላይ በነበረው ብቻ ነው። የቤት ካርታ፣ ሰዓትና የመኪና ቁልፍ የሚገፋው ፊልም ላይ ነው። ያሸነፉትን ቀስ እያሉ ወደ ኪስ መክተትም እንዲሁ አይፈቀድም፤ ከጠረጴዛው ጨርሰው ሲነሱ ብቻ ነው የሚወስዱት።

ዲለሩ ፍሎፕ፣ ተርንና ሪቨር ከመግለጡ በፊት አንዳንድ ካርታ ሳይታይ የሚጥለው ለምንድን ነው? ከላይ ያለው ካርታ ጀርባ ላይ ምልክት አድርጎበት የሚያውቅ አታላይ ቢኖር እንኳ እንዳይጠቀምበት ነው።

ብለፍ እንዴት ይደረጋል?

ብለፍ ማለት ደካማ ካርታ ይዞ ጠንካራ የያዘ መስሎ ገንዘብ መግፋት ነው። ሐበሻ ፖከር ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው፤ ጥቁር መነጽር፣ የማይንቀሳቀስ ፊት። እውነቱን ለመናገር በትንሹ ጠረጴዛ ብለፍ ብዙ አያዋጣም። ምክንያቱም በዚያ የተቀመጠው ሰው የመጣው ሊያይ ነው። «ምናልባት እየዋሸ ይሆናል» ብሎ 40 ዶላር ከፍሎ ያያል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ፖት ውስጥ 100 ዶላር ቢኖርና እርስዎ 50 ቢገፉ፣ 100 ለማግኘት 50 እያስያዙ ነው። ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ሌላው ከጣለ አይከስሩም፤ ከዚያ በላይ ከጣለ ያተርፋሉ። 100 ቢገፉ ግን ከሁለት አንዴ መጣል አለበት። ስለዚህ ብለፍ የሚደረገው መጣል በሚችል ሰው ላይ ነው። የማይጥል ሰው ላይ ብለፍ ማድረግ ከግድግዳ ጋር መከራከር ነው።

መቼ ልክፈል፣ መቼ ልጣል?

ጨዋታው ከዕድል ወደ ሙያ የሚሻገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ታገሡኝ። ሁለት ልብ ይዘው ፍሎፕ ላይ ሁለት ልብ ወጣ እንበል። አንድ ተጨማሪ ልብ ከመጣ ፍላሽ ነው። በካርታው ውስጥ 13 ልብ አለ፤ አራቱን አይተዋል፣ ዘጠኝ ቀርቷል። ያላዩት 47 ካርታ ነው። በሁለቱ በሚቀሩት ካርታዎች ውስጥ ልብ የመምጣቱ ዕድል 35 በመቶ ገደማ፣ በአንዱ ብቻ ከሆነ 19 በመቶ ገደማ ነው። በቃል የሚያዝ ዘዴ አለ። የሚጠቅሙዎትን ካርታዎች ቆጥረው ሁለት ካርታ ሲቀር በ4፣ አንድ ሲቀር በ2 ያባዙ። 9 ሲባዛ በ4፣ 36። ለትክክለኛው በጣም ቅርብ ነው። ከሁለቱም በኩል የሚሞላ ስትሬት 8 ካርታ አለው፤ 32። መሀሉ ብቻ የጎደለ ስትሬት 4 ካርታ ብቻ ነው፤ 16።

ቀጥሎ ዋጋውን ያያሉ። ፖቱ 100 ሆኖ ሌላው 50 ቢወራረድ፣ 50 ከፍለው 150 ለማግኘት ነው የሚጫወቱት። ከአራት ጊዜ አንዴ፣ ማለትም 25 በመቶ ካሸነፉ እኩል ይወጣሉ። አንድ ካርታ ብቻ ቀርቶ ዕድልዎ 19 በመቶ ከሆነ ዋጋው ተወዷል፤ ቢያንስ ፍላሹ ሲመጣ ሌላ ገንዘብ የሚከፍልዎት ሰው ከሌለ በስተቀር ይጣላል። ጋሼ ይህን በናፕኪን ላይ ስጽፍላቸው «ይኼማ የቤንዚን ሒሳብ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ተሳፋሪው የሚከፍለው ከቤንዚኑ ካነሰ አይጫንም።

የትኛውን ካርታ ይዤ ልግባ?

የሁለት ካርታ አማራጭ በጠቅላላው 1,326 ነው፤ ምልክታቸውን ብቻ የሚለያዩትን አንድ ላይ ብንቆጥር 169 ዓይነት። ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ጠንቃቃ ተጫዋች የሚገባው ከአምስቱ ባንዱ ገደማ ነው። የቀረውን ይጥላል። አሰልቺ ነው፤ ለዚህ ነው ሰው የሚከስረው። ከአሥር ሰዓት ታክሲ መንዳት በኋላ የመጣ ሰው ካርታ ሲጥል ማምሸት አይፈልግም።

አስና አስ ምርጡ ነው። የሚመጣው ከ221 አንድ ጊዜ ሲሆን፣ እኛ በሰዓት 30 ዙር ያህል ስለምናድል በአማካይ ከሰባት ሰዓት በላይ ያስጠብቃል። በዘፈቀደ ከታደለ አንድ ካርታ ጋር ሲገጥም 85 በመቶ ያሸንፋል። ስምንት ሰው ቢከተለው ግን ወደ 35 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ጠንካራ ካርታ የያዘ ሰው ገና ከመጀመሪያው ገንዘብ የሚጨምረው ሌሎቹን ለማሳነስም ጭምር ነው። «ከደበቅኩት ብዙ ሰው ይገባልኛል» ብለው አስ ጥንዳቸውን በዝምታ ይዘው ሰባት ሰው አስገብተው ከዚያ በ8 እና በ5 ሁለት ጥንድ ተሸንፈው የሚያለቅሱ በየሌሊቱ አሉ።

ከካርታው እኩል የሚያስፈልገው መቀመጫ ነው። ከዲለሩ ምልክት («በተን» ይባላል) ጀርባ ያለ ሰው መጨረሻ ላይ ይናገራል፤ የሁሉንም ሰምቶ ይወስናል። የመጀመሪያው ተናጋሪ በጨለማ ነው። አንድ ዓይነት ካርታ አንደኛው ቦታ ላይ የሚጣል፣ ሌላው ቦታ ላይ የሚጫወቱት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቂት ቃላት በአጭሩ

«ናትስ» በተገለጡት ካርታዎች ሊሠራ የሚችለው የመጨረሻው ትልቅ እጅ ነው። «ባድ ቢት» በጣም እየመራ የነበረ ሰው በመጨረሻው ካርታ መሸነፉ። «ቲልት» ከዚያ በኋላ ተናዶ ያለ ሒሳብ መጫወት፤ በአማርኛ «ደሙ ፈላ» የምንለው። «ፊሽ» ገንዘቡን ሊያበላ የመጣ ሰው፤ ማንም ራሱን ፊሽ ብሎ አያውቅም። «የሞተ ሰው እጅ» አስ ጥንድና 8 ጥንድ ነው፤ ዋይልድ ቢል ሂኮክ የተባለው ዝነኛ ተኳሽ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1876 ዴድውድ በተባለ ቦታ ፖከር ሲጫወት ከጀርባው ሲገደል ይህን ይዞ ነበር ይባላል። የካርታው ነገር አፈ ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ መገደሉ ግን እውነት ነው።

ዕድል ነው ወይስ ችሎታ?

ሁለቱም ነው፤ ጥያቄው በስንት ጊዜ ውስጥ ነው። በአንድ ሌሊት ዕድል ያሸንፋል። የዓለም የፖከር ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በዚሁ በላስ ቬጋስ ይካሄዳል፤ የዋናው ውድድር መግቢያ 10,000 ዶላር ነው። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት 86 ዶላር ከፍሎ ማጣሪያ አልፎ 839 ሰው በተሳተፈበት ውድድር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ከዚያ በኋላ ዓለም በሙሉ «እኔስ?» አለ። በ2023 ተሳታፊው 10,043 ደርሶ ነበር። ዶይል ብራንሰን የተባሉት አዛውንት ደግሞ በ1976 እና በ1977 በተከታታይ ሲያሸንፉ በሁለቱም ዓመት የመጨረሻው እጃቸው 10 እና 2 ነበር፤ ደካማ ካርታ ነው። እስከ ዛሬ 10-2 በስማቸው ይጠራል። እሳቸው በ2023 አርፈዋል።

በረጅም ጊዜ ግን ሒሳቡ ያሸንፋል። በ2015 የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሁለት ሰውን፣ የውርርድ መጠኑ የተወሰነውን ሆልደም በኮምፒዩተር ጨርሰው እንደፈቱት አስታወቁ። በጥር 2017 ደግሞ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ «ሊብራተስ» የተባለ ፕሮግራም አራት ባለሙያዎችን በ120,000 ዙር አሸነፈ። ዙሩን ልብ በሉ። ጋሼ በሳምንት አንድ ሌሊት አምስት ሰዓት ቢቀመጡ በዓመት የሚያዩት 8,000 ዙር ገደማ ነው። ጥሩ ተጫዋችም ቢሆን ዓመቱን ሊከስር ይችላል፤ መጥፎውም ሊያተርፍና ራሱን ባለሙያ ሊያደርግ ይችላል። ሁለተኛው የበለጠ አደገኛ ነው።

ቤቱ ምን ይጠቀማል?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ግን ይህ ነው። በፖከር ተጫዋቾች እርስ በርስ እንጂ ከቤቱ ጋር አይጫወቱም። ቤቱ ከየፖቱ ይቆርጣል፤ «ሬክ» ይባላል። ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ሆኖ የዶላር ጣሪያ አለው። በአማካይ ከአንድ ዙር 4 ዶላር ቢቆረጥና አሸናፊው ለዲለሩ 1 ዶላር ጉርሻ ቢሰጥ፣ በሰዓት 30 ዙር 150 ዶላር ከጠረጴዛው ይወጣል። ለዘጠኝ ሰው ሲካፈል ከእያንዳንዱ 16 ዶላር ከ67 ሳንቲም በሰዓት። ሰዎቹ ሁሉ እኩል ችሎታ ቢኖራቸው ሁሉም በዚህ ፍጥነት ይከስራሉ። ከዚያ ውስጥ ጉርሻው የእኔ እንጀራ ነው፤ አልክድም።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ናፕኪኑን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና «ስለዚህ ባልሸነፍም እከፍልሃለሁ ማለት ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት ሌላ ማውጣት እንደማይገደዱ፣ 700 ስላላቸውም 700 መግዛት እንደሌለባቸው፣ በየጠረጴዛው ዝቅተኛው መግቢያ ስንት እንደሆነ አስቀድመው መጠየቅ እንደሚችሉ ጨምሬ ነገርኳቸው። የሚቀጥለው እቁብ ሲደርሳቸው ለባለቤታቸው ሰጡ። እሳቸው 100 ዶላር ይዘው በወር አንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ አስና 7 ሲደርሳቸው ከፍ አድርገው አያዩኝም፣ ይጥላሉ። ሰላምታችን ግን በእንግሊዝኛ ሆኗል፤ ከጠረጴዛው እስኪነሱ ድረስ።